የግብር ገንዘብ እስኪገባ በትራን መበደር፦ ለካሊፎርኒያ የትምህርት ዲስትሪክት የሒሳብ ሠራተኞች የአሠራር መመሪያ

በካሊፎርኒያ የትምህርት ዲስትሪክቶች ሒሳብ ክፍል አዲስ የተቀጠሩ ወገኖች በየዓመቱ ማርች አካባቢ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይደውሉልኛል፤ «ዘንድሮ ትራን እናወጣለን ተብሏል፣ ሠንጠረዡን አንተ ሥራው ተብያለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ይላሉ። በስልክ ሳስረዳ ሁልጊዜ የሚቀር ነገር ስለሚኖር፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ከተማ ወይም ካውንቲ ውስጥ የሚሠሩም ቢሆኑ አብዛኛው ይጠቅምዎታል፤ ለትምህርት ዲስትሪክት ብቻ የሚሆነውን በየቦታው ለይቼ አመለክታለሁ።

ትራን ማለት አንድ የአካባቢ መንግሥት በበጀት ዓመቱ ውስጥ ይገባልኛል ብሎ የሚጠብቀውን ግብርና ሌላ ገቢ መያዣ አድርጎ የሚያወጣው የአጭር ጊዜ የተስፋ ሰነድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ወጪና ገቢ በአንድ ቀን መቁጠሪያ ስለማይሄዱ ነው። የካሊፎርኒያ በጀት ዓመት እንደ አገራችን በጀት ዓመት በክረምት፣ ጁላይ 1 ቀን ይጀምራል። ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል፤ የንብረት ግብር ግን የሚሰበሰበው በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ኖቬምበር 1 መከፈል ይጀምርና ከዲሴምበር 10 በኋላ ቅጣት ያስከትላል፤ ሁለተኛው ዙር ፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 10 ነው። ስለዚህ አብዛኛው ገቢው የንብረት ግብር የሆነ ዲስትሪክት ከጁላይ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ድረስ ከኪሱ ሲያወጣ ይቆያል።

ይህ መመሪያ የሒሳብ ሠራተኛውን ሥራ የሚያሳይ ነው። በሕጉ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ዲስትሪክቱ የሚቀጥረው የቦንድ ጠበቃ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉትን የሕግ ወሰኖች ከጠበቃው ጋር ሳያመሳክሩ በቁጥሮችዎ ላይ አይወስኑ።

ከመጀመርዎ በፊት በእጅዎ ሊኖሩ የሚገባቸው

- ያለፉት 3 የበጀት ዓመታት እውነተኛ የገንዘብ ገቢና ወጪ በየወሩ ተከፋፍሎ፣ ለዲሴምበርና ለኤፕሪል ደግሞ በየቀኑ
- የመጪው ዓመት በጀት፣ ረቂቅም ቢሆን
- ያለፉት 3 ዓመታት የኦዲት ሪፖርቶች
- የእያንዳንዱ ፈንድ ከወጪ ቀሪና በገንዘቡ ላይ ያለው የአጠቃቀም ገደብ
- የካውንቲው ኦዲተር የንብረት ግብርን ለዲስትሪክቱ የሚያስተላልፍባቸው ቀኖች
- የደመወዝ፣ የጡረታ መዋጮና የጤና መድን ክፍያ ቀኖች
- በቦርድ የጸደቀ የብድር ፖሊሲ
- ዲስትሪክቱ በዚህ የቀን መቁጠሪያ ዓመት ያወጣቸውና ሊያወጣቸው ያሰባቸው ሌሎች ብድሮች ዝርዝር

ደረጃ 1። ጉድለቱ የጊዜ መሆኑን ያረጋግጡ

ትራን የሚጠቅመው ገንዘቡ መምጣቱ ሳያጠራጥር ለሚዘገይበት ዲስትሪክት ብቻ ነው። ገቢው ከወጪው ያነሰበት ዲስትሪክት ትራን ቢያወጣ ችግሩን ለአንድ ዓመት ወለድ እየከፈለ ይደብቀዋል፣ በሚቀጥለው ጁላይም የባሰ ሆኖ ያገኘዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ብድሩን ሳይጨምሩ የጁን 30 ከወጪ ቀሪን ከጁላይ 1ዱ ጋር ያስተያዩ። የጁን 30ው በግልጽ ካነሰ እዚህ ላይ ይቁሙና ጉዳዩን ወደ በጀቱ ውይይት ይመልሱት።

ቀጥሎ ርካሽ የሆነ ሌላ መንገድ እንዳለ ይመልከቱ። የካሊፎርኒያ የትምህርት ሕግ አንቀጽ 42603 ከአንድ ፈንድ ወደ ሌላ ፈንድ ለጊዜው መበደርን ይፈቅዳል፤ ከአንድ ፈንድ መውሰድ የሚቻለው እስከ 75 በመቶ ሲሆን፣ የሚመለሰው በዚያው በጀት ዓመት፣ በዓመቱ የመጨረሻ 120 ቀኖች ውስጥ ከተወሰደ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ነው። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 16 ክፍል 6 በበኩሉ የካውንቲው ግምጃ ቤት ኃላፊ ከሚጠበቀው ገቢ እስከ 85 በመቶ ድረስ እንዲያበድር ይፈቅዳል፤ ይህ ብድር ግን ከኤፕሪል የመጨረሻ ሰኞ በኋላ አይሰጥም። እነዚህ ሁለቱ ጉድለቱን ከሸፈኑ የጠበቃ፣ የአማካሪና የደረጃ አውጪ (የተበዳሪውን የመክፈል አቅም መዝኖ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት) ወጪ ለምን ይከፈላል? ብዙ ትናንሽ ዲስትሪክቶች ትራን ሳያስፈልጋቸው ያወጣሉ የምለው ይህን ደረጃ ስለሚዘሉት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲስትሪክቱ በመንፈቅ ሪፖርቱ «ኳሊፋይድ» (ግዴታዎቹን ላይወጣ ይችላል) ወይም «ኔጋቲቭ» (አይወጣም) የሚል ማረጋገጫ ከያዘ፣ የካውንቲው የትምህርት ሱፐርኢንተንደንት ብድሩ ሊመለስ ይችላል ብሎ ሳይወስን ሰነድ ማውጣት አይችልም። ሥራው ብዙ ከሄደ በኋላ ይህን ማወቅ ከባድ ኪሳራ ስለሚያመጣ መጀመሪያ ይጠይቁ።

ደረጃ 2። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዡን ይሥሩ

የቀረው ሥራ ሁሉ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ስለሚቆም ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። ለማሳያ ያህል ዓመታዊ ወጪው 48 ሚሊዮን ዶላር የሆነ፣ ጁላይ 1 ላይ 6.0 ሚሊዮን ይዞ የሚጀምር አንድ ዲስትሪክት እንውሰድ። ቁጥሮቹ በሙሉ በሚሊዮን ዶላር ናቸው።

ጁላይ፦ ገቢ 0.5፣ ወጪ 2.5፣ ከወጪ ቀሪ 4.0
ኦገስት፦ ገቢ 0.5፣ ወጪ 3.5፣ ከወጪ ቀሪ 1.0
ሴፕቴምበር፦ ገቢ 0.9፣ ወጪ 4.2፣ ጉድለት 2.3
ኦክቶበር፦ ገቢ 0.9፣ ወጪ 4.2፣ ጉድለት 5.6
ኖቬምበር፦ ገቢ 1.8፣ ወጪ 4.2፣ ጉድለት 8.0
ዲሴምበር፦ ገቢ 18.0፣ ወጪ 4.2፣ ከወጪ ቀሪ 5.8
ጃንዋሪ፦ ገቢ 2.5፣ ወጪ 4.2፣ ከወጪ ቀሪ 4.1
ፌብሩዋሪ፦ ገቢ 1.2፣ ወጪ 4.2፣ ከወጪ ቀሪ 1.1
ማርች፦ ገቢ 1.2፣ ወጪ 4.2፣ ጉድለት 1.9
ኤፕሪል፦ ገቢ 17.0፣ ወጪ 4.2፣ ከወጪ ቀሪ 10.9
ሜይ፦ ገቢ 1.8፣ ወጪ 4.2፣ ከወጪ ቀሪ 8.5
ጁን፦ ገቢ 1.8፣ ወጪ 4.2፣ ከወጪ ቀሪ 6.1

ዓመቱ በ6.0 ጀምሮ በ6.1 ስለሚያልቅ የዚህ ዲስትሪክት ችግር የጊዜ ነው። ከላይ ያለው ዝርዝር ግን የወር መጨረሻ ቁጥር ብቻ ስለሆነ የዓመቱን ጥልቁን ጉድለት አያሳይም። ዲሴምበርን በየቀኑ ሲዘረዝሩት፣ የዲሴምበር 10 ደመወዝና መዋጮው፣ 1.5 ሚሊዮን እንበል፣ የካውንቲው የግብር ክፍያ ከመድረሱ በፊት ይወጣል። ስለዚህ ጉድለቱ ለጥቂት ቀናት 9.5 ሚሊዮን ይደርሳል።

ይህን የማውቀው ከራሴ ስህተት ነው። በሠራሁበት አንድ ዲስትሪክት የመጀመሪያ ሠንጠረዤን በወር መጨረሻ ብቻ ሠርቼ አስረከብሁ፤ አለቃዬም እኔም የዲሴምበር መጨረሻ ቁጥር ሙሉ ሆኖ ስላየነው አልተጠራጠርንም። የዚያ ዓመት የዲሴምበር ደመወዝ ቀን ሲደርስ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ ለደመወዙ አልበቃም፤ ከሌላ ፈንድ ለጊዜው ለመበደር ቦርዱ በአስቸኳይ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ዲሴምበርንና ኤፕሪልን በየቀኑ ሳልዘረዝር አንድም ሠንጠረዥ አላስረከብሁም።

ገቢን ሲገምቱ ያለፉትን 3 ዓመታት ድርሻ ይጠቀሙ፤ ለምሳሌ ከዓመቱ የንብረት ግብር ስንት በመቶው በዲሴምበር እንደገባ አውጥተው ለመጪው ዓመት ድምር ያባዙት። ከስቴቱ በየወሩ የሚገባው መደበኛ ድጎማ ጁላይና ኦገስት እያንዳንዳቸው 5 በመቶ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ በየወሩ 9 በመቶ ሆኖ ነው የሚለቀቀው። ይህ የጊዜ ሰሌዳ ግን ሊለወጥ ይችላል፤ በ2020–21 የበጀት ዓመት ስቴቱ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ከሚከፍለው ገንዘብ ከፊሉን ወደ ሚቀጥለው በጀት ዓመት አሻግሮታል። ስለዚህ የስቴቱ ክፍያ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ያዘጋጁ።

ደረጃ 3። የብድሩን መጠን ይወስኑ

አበዳሪዎች በዝቅተኛ ወለድ የሚያበድሩት የወለዱ ገቢ ከፌደራል የገቢ ግብር ነጻ ስለሆነ ነው። መንግሥት ይህን ጥቅም ሲሰጥ ከሚያስፈልገው በላይ ተበድሮ ትርፉን በከፍተኛ ወለድ የሚያስቀምጥ እንዳይኖር ወሰን አበጅቷል። በዚህ ምክንያት መጠኑ በአራት መለኪያዎች ያልፋል፤ የሚያሸንፈውም ከሁሉ የሚያንሰው ነው።

የመጀመሪያው የስቴቱ ወሰን ነው። በካሊፎርኒያ ገቨርንመንት ኮድ አንቀጽ 53858 መሠረት ዋናው ብድርና ወለዱ ተደምረው፣ ገና ካልተሰበሰበውና ለመክፈያ ሊውል ከሚችለው ገቢ ግምት ከ85 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። በምሳሌያችን ገቢው 48.1 ስለሆነ ወሰኑ 40.9 ገደማ ይሆናል፤ ጁላይ ላይ ለሚያወጣ ዲስትሪክት ይህ ወሰን እምብዛም አይጠብቅም። በዓመቱ መካከል፣ ለምሳሌ በማርች፣ ለማውጣት ካሰቡ ግን ያልተሰበሰበው ገቢ ስለሚያንስ እንደገና ያስሉት።

ሁለተኛው የፌደራል የግብር ሕግ ወሰን ነው፤ ጥልቁ ጉድለት ሲደመር ካለፈው ዓመት ወጪ 5 በመቶ የሚሆን መጠባበቂያ። ያለፈው ዓመት ወጪ 47.0 ቢሆን መጠባበቂያው 2.35 ስለሚሆን፣ ወሰኑ 9.5 ሲደመር 2.35፣ ማለትም 11.85 ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። የብድሩን ገንዘብ አስቀምጠው ያገኙት ወለድ ለአበዳሪዎች ከሚከፍሉት ከበለጠ ትርፉን ለፌደራል መንግሥት መመለስ ግዴታ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ግዴታ ነጻ ለመሆን ሰነዱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ የተከማቸው ጉድለት ከሰነዱ መጠን 90 በመቶ መብለጥ አለበት። የ5 በመቶው መጠባበቂያ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። 11.0 ሚሊዮን ቢበደሩ 90 በመቶው 9.9 ስለሆነ የ9.5 ጉድለት አያደርሰውም፤ 10.5 ቢበደሩ ግን 90 በመቶው 9.45 ስለሆነ ለጥቂት ያልፋል። አንድ ደመወዝ በሦስት ቀን ቢዘገይ ይህ ልዩነት ስለሚጠፋ እንዲህ በጠርዝ ላይ መቆምን አልመክርም።

አራተኛው የባንክ ወለድ ጉዳይ ነው። ዲስትሪክቱ በቀን መቁጠሪያው ዓመት በሙሉ የሚያወጣቸው ከግብር ነጻ ብድሮች ከ10 ሚሊዮን ዶላር ካልበለጡ፣ ሰነዱን የሚገዙ ባንኮች ልዩ የግብር ጥቅም ያገኛሉ፤ በዚህም ምክንያት የተሻለ ወለድ ያቀርባሉ። ልብ ይበሉ፣ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር እንጂ በጀት ዓመቱ አይደለም።

በምሳሌያችን 9.8 ሚሊዮን እንምረጥ። 90 በመቶው 8.82 ስለሆነ ሦስተኛውን መለኪያ በሰፊው ያልፋል፤ ከ10 ሚሊዮንም በታች ነው። ነገር ግን በዲሴምበር አጋማሽ በእጅ የሚቀረው 0.3 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል፤ ይህ ከአንድ ደመወዝ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቦርዱ በዚያው ስብሰባ ከሌላ ፈንድ ለጊዜው መበደርንም በመጠባበቂያነት እንዲፈቅድ ያቅርቡ፤ አስቸኳይ ስብሰባ ከመጥራት ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ገንዘቡን አስቀምጦ ለማትረፍ ሲባል አይበደሩ። የኦሬንጅ ካውንቲ የኢንቨስትመንት ቋት በዲሴምበር 1994 ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ሲደርስበት፣ ተበድረው ያገኙትን ገንዘብ እዚያ ያስቀመጡ የትምህርት ዲስትሪክቶችም አብረው ተጎድተዋል፤ ብድሩን የመክፈል ግዴታ ግን አልቀረላቸውም።

ደረጃ 4። የመክፈያ ገንዘብ የሚቀመጥባቸውን ወራት ይምረጡ

ሰነዱ የሚከፈለው በዚያው በጀት ዓመት ከሚገኝ ገቢ ብቻ ነው። ይህ የቃላት ጉዳይ አይደለም፤ የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 16 ክፍል 18 የአካባቢ መንግሥታት ያለ ሁለት ሦስተኛ የመራጭ ድምፅ ከዓመቱ ገቢ በላይ ዕዳ እንዳይገቡ ይከለክላል፤ ትራን ያለ ሕዝብ ድምፅ ሊወጣ የሚችለው ከዓመቱ ገቢ ስለማያልፍ ነው።

በዓመት 3 በመቶ ወለድ ቢታሰብ የ9.8 ሚሊዮን ወለድ 294 ሺህ ዶላር፣ ጠቅላላ ክፍያው 10.094 ሚሊዮን ይሆናል። ይህን ገንዘብ በመጨረሻው ቀን ከመፈለግ ይልቅ ግብር በሚገባባቸው ወራት እየቆረጡ በተለየ የመክፈያ ሒሳብ ያስቀምጡታል፤ በምሳሌያችን ጃንዋሪ ላይ 5.0፣ ኤፕሪል ላይ 5.094። ከዚያ እያንዳንዱን ወር እንደገና ያስሉ፤ ጃንዋሪ 8.9፣ ፌብሩዋሪ 5.9፣ ማርች 2.9፣ ኤፕሪል 10.6፣ ሜይ 8.2፣ ጁን 5.8 ይቀራል። አንዱ ወር እንኳ ከዜሮ በታች ከወረደ ወራቱን ወይም መጠኖቹን ይለውጡ። ሁሉንም ወደ ሜይና ጁን መግፋት ያጓጓል፤ ነገር ግን የስቴቱ ክፍያ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚነኩት እነዚያ ወራት ናቸው፣ ደረጃ አውጪዎችም ይህን ያውቃሉ።

የክፍያውን ቀን ከ13 ወር በላይ አያርቁት፤ የፌደራል ሕግ የዚህን ገንዘብ ጊዜያዊ የኢንቨስትመንት ነጻነት የሚሰጠው እስከ 13 ወር ነው፤ ካሊፎርኒያም ከ13 ወር በላይ ለሆነ ብድር ቦርዱ ከማጽደቁ በፊት ተጨማሪ የወጪ ግምት በይፋ እንዲቀርብ ትጠይቃለች።

ደረጃ 5። ባለሙያዎቹን ይቅጠሩ

የቦንድ ጠበቃና በፌደራል ደረጃ የተመዘገበ የማዘጋጃ ቤት የፋይናንስ አማካሪ ያስፈልጉዎታል። አማካሪው ለዲስትሪክቱ ጥቅም የመቆም ሕጋዊ ግዴታ አለበት፤ ሰነዱን ገዝቶ የሚያከፋፍለው አንደርራይተር ግን የራሱን ትርፍ የሚያይ ነጋዴ ስለሆነ የሁለቱን ምክር አያምታቱ። ክፍያቸው ሽያጩ ሲሳካ ብቻ የሚከፈል ከሆነ ይህንኑ ለቦርዱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ደረጃ 6። ውሳኔውን ያስጸድቁ፣ ለስቴቱ ያሳውቁ

ቦርዱ የሚያጸድቀው ውሳኔ የብድሩን ከፍተኛ መጠን፣ ከፍተኛ ወለድ፣ የመክፈያ ቀን፣ የመያዣ ገቢውንና የማስቀመጫ ወራቱን መያዝ አለበት። ከፍተኛ መጠኑን ከሚያስፈልግዎት ትንሽ ከፍ አድርገው ያስጸድቁ፤ ሠንጠረዡ በጁን ሲታደስ ጉድለቱ ቢጨምር ወደ ቦርዱ መመለስ አይኖርብዎትም። የትምህርት ዲስትሪክት ሰነድ በዲስትሪክቱ ስም የሚወጣው በካውንቲው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ (ካውንቲውን በሚያስተዳድረው ምክር ቤት) በኩል ስለሆነ፣ ውሳኔው ወደዚያ ይላካል፤ ካውንቲው በ45 ቀን ውስጥ ካልፈቀደ ዲስትሪክቱ ራሱ ማውጣት ይችላል። ይህን 45 ቀን ከሽያጩ ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ያቅዱ። በእኔ ልምድ ለጁላይ 1 ሰነድ ቦርዱ በኤፕሪል ካልወሰነ ሥራው በሩጫ ይበላሻል።

ከሽያጩ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ለካሊፎርኒያ የዕዳና የኢንቨስትመንት አማካሪ ኮሚሽን የታሰበውን ብድር ሪፖርት ያስገቡ። በዚህ ሪፖርት ላይ ዲስትሪክቱ የብድር ፖሊሲ እንዳለው ማረጋገጥ አለብዎት፤ ፖሊሲው በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ የተካተተው ለዚህ ነው።

ደረጃ 7። መግለጫውን ያዘጋጁና ይሽጡ

ሽያጩ 1 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ሆኖ ለገበያ በይፋ ሲቀርብ በአጠቃላይ ኦፊሻል ስቴትመንት የሚባለው መግለጫ ያስፈልጋል። ጠበቆቹ ቢጽፉትም የሚያነቡትና የሚያርሙት እርስዎ ነዎት፤ በተለይ ሠንጠረዥዎ በመግለጫው ውስጥ ሲታተም እያንዳንዱን ቁጥር ከዋናው ጋር ያመሳክሩ። በደንብ የሚያውቁትን ችግር፣ ለምሳሌ የተማሪ ቁጥር መቀነሱን ወይም ያልተቋጨ የደመወዝ ድርድርን፣ መደበቅ የማጭበርበር ተጠያቂነት ያመጣል።

ደረጃ አውጪዎች ለአጭር ጊዜ ሰነድ የተለየ መለኪያ አላቸው፤ የሙዲስ ከፍተኛው ኤም አይ ጂ 1፣ የኤስ ኤንድ ፒ ከፍተኛው ደግሞ ኤስ ፒ 1 ፕላስ ነው። ከእነሱ ጋር ከሚደረገው የስልክ ውይይት በፊት ያለፈው ዓመት ትንበያ ከእውነተኛው ውጤት ጋር ምን ያህል እንደተለያየ የሚያሳይ አንድ ገጽ ያዘጋጁ፤ የሚጠይቁዎት እሱን ነው።

በጨረታ ሲሸጡ አሸናፊው የሚለየው በሰነዱ ላይ በተጻፈው ወለድ ሳይሆን በተጣራ ወጪ ነው። አንዱ ተጫራች 4 በመቶ ወለድ ጽፎ ከዋናው በላይ ቢከፍል፣ 3 በመቶ ከጻፈው ርካሽ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ሰነድ ከሆነ በቀጥታ ለባንክ መሸጥም ይቻላል፤ ወለዱ ትንሽ ቢበልጥም መግለጫውና የደረጃ ወጪው ይቀራል።

ደረጃ 8። በመዝጊያው ቀን

ገንዘቡ ከመተላለፉ በፊት የፊርማ ማረጋገጫ፣ በዲስትሪክቱ ላይ ብድሩን የሚነካ ክስ አለመኖሩን የሚገልጽ ማረጋገጫና የግብር ማረጋገጫው (ብድሩ የፌደራል የግብር ሕግ ወሰኖችን ማሟላቱን የሚገልጸው) ይፈረማሉ። የግብር ማረጋገጫው የእርስዎን ሠንጠረዥ የሚያያይዝ ስለሆነ ጉድለቱ «በቅን ግምት» ይህን ያህል ይደርሳል ብሎ የሚፈርመው ሰው ቁጥሮቹን ተረድቶ መፈረሙን ያረጋግጡ።

ገንዘቡ ሲገባ በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ገቢ አይመዝግቡት። በካሊፎርኒያ የትምህርት ቤቶች የሒሳብ አሠራር የአጭር ጊዜ ብድር በ9640 ቁጥር ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ገቢ ተብሎ ከተመዘገበ በጀቱ በሐሰት የተመጣጠነ ይመስላል፣ ኦዲተሩም ይመልሰዋል።

ደረጃ 9። ከመዝጊያው በኋላ

ከሽያጩ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ለኮሚሽኑ የመጨረሻውን የሽያጭ ሪፖርት ያስገቡ፤ ከዚያም በየዓመቱ ጃንዋሪ 31 የሚገባ የብድር ግልጽነት ሪፖርት አለ። መጠኑ 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ፎርም 8038-ጂ ለፌደራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ይላካል፤ ቀነ ገደቡ ሰነዱ የወጣበት ሩብ ዓመት ካለቀ በኋላ በሁለተኛው ወር 15ኛ ቀን ስለሆነ፣ ጁላይ ላይ ለወጣ ሰነድ ኖቬምበር 15 ነው።

በየወሩ እውነተኛውን ከትንበያው ጎን ይጻፉ። የተከማቸው ጉድለት ከ90 በመቶው ያለፈበትን ቀን ከባንክ መግለጫው ጋር አያይዘው ያስቀምጡ፤ ትርፍ ወለዱን ላለመመለስ ማስረጃዎ ይህ ነው። በ6 ወሩ ውስጥ ካላለፈ አይደብቁት፣ ወዲያውኑ ለጠበቃው ይደውሉ። ደረጃው ከተቀየረ ወይም ክፍያ ከዘገየ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ኤማ በተባለው የሕዝብ መረጃ ቋት ላይ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የመጠባበቂያ ገንዘብን ከሠንጠረዡ ማውጣት ዋናው ነው። ቦርዱ «ለክፉ ቀን» ብሎ የመደበው ገንዘብ ራሱ ቦርዱ ሊያነሳው የሚችለው ከሆነ፣ በፌደራል ሕግ ዓይን በእጅ ያለ ገንዘብ ሊሆን ስለሚችል ጉድለቱን ይቀንሰዋል። በሌላ በኩል መልሶ የመተካት ሕጋዊ ግዴታ ያለበት የሌላ ፈንድ ገንዘብ እንደ በእጅ ያለ አይቆጠርም። የእያንዳንዱን ፈንድ ገደብ በጽሑፍ ለጠበቃው የምንሰጠው ይህን እንዲለይልን ነው።

ሁለተኛው፣ በመክፈያ ሒሳብ ውስጥ የተቀመጠውን ገንዘብ በማርች ለደመወዝ «ለጥቂት ቀን» ማንሳት ነው። ገንዘቡ ለአበዳሪዎች በመያዣነት የተሰጠ ስለሆነ ይህ የውል መጣስ ነው። ማርች የሚጠብ መስሎ ከታየዎት የማስቀመጫውን ወር ቀድሞ በውሳኔው ውስጥ መለወጥ ነበረበት።

ሦስተኛው፣ በመራጮች የጸደቀ የግንባታ ቦንድ በዚያው ዓመት መሸጡን ረስቶ ሰነዱን ለባንኮች ከ10 ሚሊዮን በታች ነው ብሎ ማቅረብ ነው። የሁለቱ ድምር ከበለጠ ማረጋገጫው ሐሰት ይሆናል።

አራተኛው የሰነድ አያያዝ ነው። ፋይሉን ሰነዱ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለ3 ዓመት ያቆዩ። በፋይሉ ውስጥ በመዝጊያው ቀን የነበረው ሠንጠረዥ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። በየወሩ የሚያድሱትን በሌላ ስም ያስቀምጡ እንጂ በዋናው ላይ አይጻፉ፤ ምርመራ ቢመጣ የሚጠየቁት በዚያ ቀን የጠበቁትን ነው፣ እሱም የሚገኘው በዚያ ፋይል ብቻ ነው።